የኋላ መብራቷን ማን ሰበራት?

በቅርቡ አንዲት እህት «ስለ ቤተሰብ በጀት ጽፈሽልናል፤ ስለ መኪናና ስለ መድንስ ለምን አትጽፊም?» የሚል መልእክት ልካልኝ ነበር። በእኛ ጉባኤ መኪና ያለው ስንት ሰው ነው ብዬ ላልፈው ነበር። መለስ ብዬ ሳስበው ግን ባጃጅ ገዝተው የሚያሠሩ ወንድሞች አሉ፤ በብድር አይሱዙ ያወጡ አሉ፤ መዘምራን የሚያመላልስ ሚኒባስ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ደግሞም መንገሩን የማልወደው፣ ነገር ግን ልነግራችሁ የሚገባኝ የራሴ ታሪክ አለኝ። ባለቤቴ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። «የእኔንም ድርሻ እንዳትዘልዪው» ሲል አክሎበታል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት እዚሁ ከሚሴ ነው። ለማታውቋት፣ ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያቀናው ከባድ መኪና፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው፣ በበጋ ደግሞ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚነዳው ከብትና ግመል ሁሉ የሚተላለፈው በዚያችው መንገድ ነው። እዚህ መኪና መንዳት ትዕግሥት ያስተምራል። እኔን ግን ገና አስተምሮ አልጨረሰኝም።

ባለቤቴ ለሥልጠና ደሴ ሄዶ ነበር። ሲሄድ «የግራው ስፖኪዮ ላልቷል፤ እስክመለስ መኪናዋን አትንኪያት» ብሎኝ እሺ ብዬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ግን ለሴቶች ኅብረት ዝግጅት ዘይትና ዱቄት መግዛት ነበረብኝና ነዳሁ። ከሱቁ በር ላይ ወደ ኋላ ስወጣ በቀኙ ስፖኪዮ እያየሁ የላላውን ረሳሁት። ጓ! ተሳፋሪ ለማውረድ ከኋላዬ የቆመ ባጃጅ ነበር። የባጃጁ የፊት መብራት ረገፈ፤ ፓራፋንጎው ተጣመመ። የእኛም የኋላ መብራት ተሰበረ። ከባጃጁ ሊወርዱ የነበሩ አንዲት እናት የያዙት ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰው ግን አልተጎዳም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ወዲያው ሰው ከበበን። ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ ይናገራል፤ ልጆች ቲማቲሙን ይለቅማሉ። የባጃጁ ሹፌር ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «እትዬ፣ ምነው!» ከማለት በቀር አልተናገረኝም። እኔ ግን ብዙ ተናገርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ፤ አይዞህ» አልኩ። አንድ ጎልማሳ «ትራፊክ ከመጣ ሁለታችሁም ትጉላላላችሁ፤ እዚሁ ተስማሙ» ሲል ሁሉም ደገፈው። ከቦርሳዬ 1,500 ብር ለልጁ፣ 200 ብር ለቲማቲሟ እናት ሰጠሁ። ልጁ ገንዘቡን ተቀብሎ «አብሽሪ እትዬ፣ ችግር የለም» አለኝ። ተሰነባበትን። ቤቴ ስገባ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደግ ሥራ የሠራሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ለመድን ኩባንያችን ለምን አልደወልኩም? ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሚቀጥለው ዓመት አረቦን ይጨምርብናል፤ ደግሞ ከፍዬ ጨርሻለሁ። እነዚህ ሁሉ የተናገርኳቸው ምክንያቶች ናቸው። ያልተናገርኩት ግን አንድ ነበር፤ ለኩባንያው ከነገርኩ ባለቤቴ ይሰማል።

ቅዳሜ ተመለሰ። ዕቃውን ሳያወርድ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይቺ መብራት ምን ሆነች?» አለኝ። «እንጃ፣ ቆማ ሳለች ገጭተዋት ይሆናል» አልኩት። «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አልዋሸሁም ለማለት የምታመች ቃል ናት። በዚያው ሳምንት ለሙሽሮች ክፍል ስለ መተማመን አንድ ሰዓት አስተምሬአለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ልጁ ነው፤ የባጃጁ ባለቤትና አንድ ሐጂም አብረውት አሉ። ቡና ተፈላ፤ እንደ አገሩ ወግ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። ከዚያ ሐጂ ለባለቤቴ እንዲህ አሉት፦ «ፓስተር፣ ልጁ ሊከስ አልመጣም። እንዲያውም አልመጣም ብሎ እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣሁት። ተስማምቻለሁ፣ ገንዘብ ተቀብያለሁ፣ በምን ፊቴ ልመለስ ይላል።» ለካ ግጭቱ መብራትና ፓራፋንጎ ብቻ አልነበረም። የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተጣሞ በማግሥቱ ጎማው ይበላ ጀመር። መካኒኩ ማሠሪያውን ከነዕቃው 14,000 ብር ገምቶታል። የባጃጁ ባለቤት ያንን ከልጁ የዕለት ድርሻ ላይ በየቀኑ እየቆረጠ ነበር። እኔ በ1,500 ብር ደግ ስባል ቀሪውን የሚከፍለው ልጁ ነበር ማለት ነው።

ባለቤቴ ሲኒውን አስቀምጦ «የትኛው ግጭት?» አለ። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ዝምታ አልጽፍም። ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ።

ሌሊቱን አልጮኸብኝም። የውሉን ሰነድ ከሣጥን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። አንብበነው አናውቅም ነበር፤ የፈረምነው ግን እኛው ነን። ከገጾቹ በአንዱ ላይ አደጋ ሲደርስ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማሳወቅ ግዴታ እንደሆነ ተጽፏል። ስምንት ቀን አልፎናል። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ቀኑን እንቀይረው? ዓርብ ነበር እንበል» አለኝ።

እንግዲህ የእሱ ድርሻ ይኼ ነው። ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ለራሱ አንድ ሳንቲም አልፈለገም። ገንዘቡ የሚሄደው ለልጁ ነው። ልጁ ድኻ ነው፤ በደሉ የደረሰበት በእኛ ነው፤ የምንቀይረው ደግሞ አንዲት ቀን ናት። በጎ ዓላማ ያለው ውሸት እንዴት እንደሚያባብል ያን ሌሊት አየሁ። እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ምክንያቱም ዓርብ ከሆነ የእኔም የቅዳሜ ውሸት ትንሽ ቀለል ትላለች።

ያቆመኝ የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ነው። ስለ እነሱ ሲሰበክ ሁልጊዜ የሚነሣው የመሬቱ ዋጋ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ተስማምተው ነበር፣ የተጠየቁት ግን ለየብቻ ነው። እኛም ብንስማማ ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ልጁ ለብቻው ይጠየቃል፤ የባጃጁ ባለቤት ለብቻው፤ ሐጂም ምስክር ቢባሉ ለብቻቸው። አንዲቷን ቀን ለመቀየር አራት ሰው መዋሸት አለበት። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ ቤታችን ቡና ጠጥተው የሄዱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። «እኔ ብቻዬን ዋሽቼሃለሁ፤ አሁን ደግሞ አብረን አንዋሽ» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ «እሺ፣ ማክሰኞ ብለን እንጻፍ፤ የመጣው ይምጣ» አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሐርቡን አልፈን ኮምቦልቻ ገባን። በመንገድ ላይ ብዙ አላወራንም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርጌ ያን ጊዜ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የአምስቱ ቀን ነገር የኩባንያዎች ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ያለ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል ሳይሻር እንዳለ ቀጥሏል። ሕጉ የሚለው፣ መድን ገቢው አደጋውን እንዳወቀ ለመድን ሰጪው ያሳውቅ፣ ቢዘገይ ከአምስት ቀን አይለፍ፣ ከዓቅም በላይ የሆነ ነገር ካልያዘው በቀር ነው። ብዙ ሰው «ሁለት ዓመት ጊዜ አለኝ» ሲል እሰማለሁ። ሁለት ዓመቱ ከውሉ የሚነሣ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ነው። ለማሳወቅ የተሰጠው አምስት ቀን ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ሌላም ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ አንድ አይደሉም። በሙሉ ዋስትና ውል ላይ ኤክሰስ የሚባል፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ አለ። ጉዳታችሁ ከዚያ ካነሰ ኩባንያው የሚከፍላችሁ የለም፤ ከፍ ቢልም ያለ አደጋ ለከረመ ሰው በዕድሳት ጊዜ የሚሰጠውን ቅናሽ ላለማጣት ብላችሁ ራሳችሁ ብታሠሩት መብታችሁ ነው። ያንን ግን ካሳወቃችሁ በኋላ ወስኑ። ያኛው ወገን ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ ዛሬ አታውቁምና። መንገድ ዳር የታየው መብራት ነው፤ የተጣመመውን ብረት ያየው ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁም፣ ልጁም አላየም።

የሌላውን ሰው ጉዳት በተመለከተ አገራችን ግዴታ የሆነ ዋስትና አላት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ዋስትና የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ በፊት መስተዋታችሁ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚሁ ማረጋገጫ ነው። አዋጁ ሲወጣ በሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት እስከ 100,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ጣሪያው የሚሻሻል ነገር ስለሆነ የዛሬውን ከኩባንያችሁ ጠይቁ። ሰው ከተጎዳ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ አዋጁ ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዲኖረው አድርጓል። ገጪው አምልጦ ካልታወቀ ወይም ዋስትና የሌለው ከሆነ፣ ሞትና የአካል ጉዳት ለደረሰባቸው የሚደርስ የመድን ፈንድ አለ። ዛሬ በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። ይህን የማያውቁ ስንት ቤተሰቦች ሐዘናቸውን ብቻ ይዘው ቀርተዋል።

ትራፊክ ፖሊስ ጠርቶ ፕላን ማስነሣትስ ለምን ይጠቅማል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ የአንዱ ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ወጪውም ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ አስቡት፤ ቆሞ የነበረው ልጅ ምስክርም ፕላንም ሳይኖረው ፍርድ ቤት ቢሄድ ሊሸከም የሚችለው የእኔን ጥፋት ግማሽ ነበር። ያ ጎልማሳ «ትራፊክ ከመጣ ትጉላላላችሁ» ሲል ለሁለታችንም የተናገረ መስሎት ነበር። የጠቀመው ግን ለእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ ጥሩ፤ ሌላውን ሹፌር ስሙን፣ ስልኩን፣ ታርጋውን፣ የመድን ኩባንያውን ጠይቁ፤ የእናንተንም ስጡ። ስልካችሁ ካሜራ ካለው ከአራቱም አቅጣጫ አንሡ። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ ለኩባንያችሁ ደውሉ።

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። ያስተናገደችን በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ሠራተኛ ነበረች። የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ ሰጠችን፤ ሊብሬ፣ የእኔን መንጃ ፈቃድ፣ የዓመቱን ቦሎና የፖሊስ ሪፖርት ጠየቀችን። ሪፖርት የለንም። «የት ነው የደረሰው? ስንት ሰዓት? ማን ነበር የሚነዳው? ምን ብለው ተለያዩ?» እያለች ጻፈች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ ብያለሁ» ስላት ብዕሯን አቆመች። «ይህን ማለት አልነበረብዎትም፤ ያለ ኩባንያው ስምምነት ኃላፊነት መቀበል በውሉ ተከልክሏል» አለችኝ። ትንሽ ተቆጣሁ። «ታዲያ እውነቱን መናገር ተከለከለ?» አልኳት። «አይደለም» አለች፣ «የሆነውን ይናገሩ፤ ዳኝነቱን ይተዉት። ወደ ኋላ ስወጣ ባጃጁን ገጨሁት ማለት የሆነው ነው። ማን ስንት ይክፈል የሚለው ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም።» ይህችን አባባል ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልተከለከለም፤ ሰው ስትገጩ ይቅርታ ካልጠየቃችሁ መቼ ልትጠይቁ ነው? ነገር ግን እኔ ያን ቀን የሰጠሁት ተስፋ፣ ልጁን ዝም ለማሰኘትና ቶሎ ለመገላገል የተሰጠ ተስፋ ነበር።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ለምን ዘገያችሁ?» ባለቤቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት «ደብቄው ነበር» አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «የውሉ ባለቤት እሳቸው ናቸው። እሳቸው መቼ ዐወቁ?» አለች። «ትላንት ማታ።» «እንግዲያው ይህንኑ በደብዳቤ ይጻፉልኝ።» ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩ፤ ማክሰኞ ገጭቼ ከባለቤቴ ደብቄ እንደነበርና እሱም ያወቀው በስምንተኛው ቀን ማታ እንደሆነ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያነብ ነበር። በሃያ ዓመት ትዳራችን ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያቺ ከበደችኝ። «ዓርብ» ብለን ብንዋሽ ኖሮ ሊበጅልን የነበረው መንገድ ይዘጋ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ሕጉ የሚቆጥረው መድን ገቢው ካወቀበት ጊዜ ነውና፣ እንዲታይልን ያደረገው ያው እውነቱ ሆነ። ይህን ግን እንደ ብልሃት እንዳትወስዱብኝ። ሌላ ኩባንያ «ሚስቱ ካወቀች እሱም ዐውቋል» ቢል አልፈርድበትም። የእኛም ወዲያው እሺ አላለንም፤ ደብዳቤው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ሳምንታት ጠብቀናል።

ከሚሴ እንደ ተመለስን ከልጁ ጋር ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ተሽከርካሪዎቹ ከተነሡ በኋላ ፕላን ማንሣት አይቻልም፤ ቃላችንን ግን ተቀበሉን። በሩ ላይ ስንጠብቅ ልጁ «እትዬ፣ በእኔ የተነሣ ከፓስተር ጋር ተጣላችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በእኔ የተነሣ እሱ ለስምንት ቀን ደመወዙ እየተቆረጠ፣ እሱ ስለ እኛ ትዳር ይጨነቃል። በእሱ ፋንታ ብሆን ይህን እጠይቅ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ጋራዥ ያጋጠመንን ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የእኛን መኪና ለማስገመት ስንወስዳት መካኒኩ በቀኝ በር ላይ ያለውን የድሮ ስርጉድ አየና «ይቺንም አብረን ፕሮፎርማ ላይ እናስገባት፤ ለእናንተ ምንም አይጨምርባችሁም» አለን። ስርጉዱ የዛሬ ሁለት ዓመት ከገዛ በራችን ጋር የተጋጨንበት ነው። መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ ይለው ይሆናል። ግን የማን ገንዘብ ነው? ዕድር ያላችሁ ሰዎች ይህ በቶሎ ይገባችኋል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የጎረቤት መዋጮ ነው፤ ያልሞተ ዘመድ ሞተ ብሎ የሚቀበል ሰው የሚሰርቀው ከአጠገቡ ከተቀመጠው ነው። መድንም ያው ነው፤ ቢሮው ትልቅ ስለሆነና ገንዘቡ በባንክ ስለሚያልፍ የሰው አይመስለንም። ሐጂ ይህን ሳጫውታቸው «እኛ ዘንድ ተካፉል የሚሉት መጥቷል፤ እሱም መተጋገዝ ነው፤ በመተጋገዝ ላይ ማታለል ነውር ነው» አሉኝ። ደግሞ የኩባንያው ገማች መጥቶ ሲያይ የድሮ ዝገትና የአዲስ ስብራት አንድ አይመስሉትም። ተይዞ ከማፈር በፊት ሊታፈርበት የሚገባ ነገር ነው እንጂ።

ሚኒባስ ላላቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዲት ቃል። ውላችሁ ላይ መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ተጽፏል፤ አውጥታችሁ አንብቡት። ለግል አገልግሎት ተብሎ የተገባ መኪና ሰንበቴ ገበያ ደርሶ ሲመለስ በክፍያ ሰው ከጫነ፣ ወይም መንጃ ፈቃዱ ለዚያ ተሽከርካሪ የማይፈቅድለት ወጣት ለጉባኤ መዘምራን ጭኖ ከሄደ፣ አደጋ የደረሰ ቀን ኩባንያው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼ ነው። «ለአገልግሎት ነው» የሚለው መልስ እኛ ዘንድ እንጂ እዚያ አይሠራም። ሽማግሌዎች ይህን ከጉባኤው በፊት ይመልከቱት። ያኔ መዘምራኑ ልብሳቸውን ለብሰው አስፋልት ዳር ቆመው «ማን ነበር የሚነዳው እንበል?» እየተባለ አይመከርም።

የእኛ ነገር እንዲህ አለቀ። የኩባንያው ገማች ከሚሴ መጥቶ ባጃጁን አየ፤ ብረቱ በዚያው ግጭት የተጣመመ መሆኑን ተቀበለ። እኔ የሰጠሁት 1,500 ብር ተቆጥሮ ቀሪው ተከፈለ። የባጃጁ ባለቤትም ከልጁ የቆረጠውን በሐጂ ፊት መለሰለት። የእኛ የኋላ መብራት ዋጋ ከኤክሰሱ በታች ስለነበር ምንም አልጠየቅንም፤ በራሳችን ገንዘብ አሠራናት። ያን ሁሉ የደበቅኳት መብራት 6,800 ብር ወጣባት።

የሙሽሮቹን ክፍል በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። አንዷ ሙሽራ «ባለፈው ስለ መተማመን ስታስተምሪን መብራቷ ተሰብራ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

አሁን በመኪናችን ኪስ ውስጥ ከሊብሬው ቅጂ ጋር የኩባንያው ስልክ ቁጥር፣ አንድ ባዶ የማሳወቂያ ቅጽና እስክሪብቶ አለ። የግራውን ስፖኪዮም አጠበቅነው።